ኮዱ የሁሉም፣ መልኩ የማን?

ይህን ንግግር ቤቴ ቁጭ ብዬ ስጽፈው አጀማመሩ ሌላ ነበር። በር ላይ ያየሁት ነገር አስቀየረኝ። አንድ ወጣት ላፕቶፑን በደረቱ ታቅፎ ለመግባት ተሰልፏል። ክዳኑ ላይ ከተለጠፈው ነገር ብዛት የተነሣ የፋብሪካው ስም የት ጋ እንደነበረ እንኳ አይታወቅም። ጠጋ ብዬ አየሁት። ሆዷን ነፍታ ዘና ብላ የተቀመጠች ፔንግዊን አለች። ከጎኗ በብሩሽ ባንድ ትንፋሽ የተሣለ የሚመስል ቀይ ጥምዝ አለ። ከበላያቸው ደግሞ ብርቱካናማ ክብ፤ በውስጡ ክንዳቸውን አያይዘው የቆሙ ሦስት ሰዎች፣ ከጣሪያ ላይ ሆኖ ቁልቁል ለሚያያቸው ሰው እንደሚታዩት ሆነው ተሥለዋል።

«የማን ናቸው እነዚህ?» አልኩት፣ እያወቅኩ።

«የማንም አይደሉም ጋሼ፤ ነፃ ናቸው» አለኝ።

መልሱ ግማሹ ልክ ነው። ምልክቶቹ የሚወክሏቸው ፕሮግራሞች በእርግጥ ነፃ ናቸው። ምልክቶቹ ግን ሦስቱም ባለቤት አላቸው፤ የሚተዳደሩበትም ደንብ ለየቅል ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚሁ ነው። ማንም ወስዶ ሊያባዛው የተፈቀደ ነገር እንዴት አድርጎ የራሱ የሆነ መልክ ይኖረዋል? የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ወደ እኛው እመልሳችኋለሁ።

መቼም እዚህ ያለነው ሁላችንም የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለንምና ትንሽ ላብራራ፤ ባለሙያዎቹ ታገሡኝ። ሰፈር ያለው ኮምፒውተር ጥገና ቤት ሄዳችሁ «ፎርማት አድርገህ ዊንዶው ጫንልኝ» ስትሉ የሚጫንላችሁ ነገር ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይባላል። ማሽኑን የሚያነቃው፣ ፋይሉን የሚያስቀምጠው፣ መስኮቱን የሚከፍተውና የሚዘጋው እሱ ነው። ዊንዶውስ የማይክሮሶፍት ንብረት ነው፤ ኮዱን ወስዶ የራስ ማድረግ አይቻልም። ሊኑክስ ጠባዩ ሌላ ነው። በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ አስኳሉን፣ ባለሙያዎች ከርነል የሚሉትን፣ ጽፎ ለሁሉም ለቀቀው። ከ1992 ጀምሮ በያዘው ፈቃድ መሠረት ማንም ሰው ሊያነበው፣ ሊቀይረው፣ ሊያባዛው፣ ቢፈልግም ሊሸጠው ይችላል። ዋናው ግዴታ ለሌላ ያደለ ሰው ኮዱንም አብሮ መስጠቱ ነው።

በዚህ አስኳል ዙሪያ ሌሎች የጻፏቸውን በሺህ የሚቆጠሩ ፕሮግራሞች አንድ ቡድን ሰብስቦ፣ አጣጥሞ፣ ባንድ ጥቅል ሲያቀርብ ጥቅሉ ዲስትሮ ይባላል። ደቢያን አንዱ ነው፤ ኡቡንቱ አንዱ ነው፤ ፌዶራና ሚንትም አሉ። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ከአንድ ጎተራ ጤፍ የሚገዙ አሥር እንጀራ ቤቶች ባንድ መንገድ ዳር ተደርድረዋል እንበል። ጤፉ አንድ ነው። የእርሾው አያያዝ ሳይቀር ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አላፊ አግዳሚው ያነበዋል። ታዲያ ደንበኛ በምን ይለያቸው? በሰሌዳው፣ በበሩ ቀለም፣ በስሙ ነው። የዊንዶውስ አርማ ቢፋቅ ዊንዶውስ ዊንዶውስ ነው፤ ሌላ ጋጋሪ የለውምና። ከኡቡንቱ ላይ ስሙን፣ ቀለሙንና አርማውን ብታነሡ ግን ሌላ ሰው ነገ ጠዋት አሰናድቶ ሊያወጣው የሚችል ዕቃ ነው በእጃችሁ የሚቀረው። ኮድ በሚሰጥበት ሰፈር መልክ ይጠበቃል። እንዲያውም ዝግ ከሆነው ሰፈር ይልቅ እዚህ የመልክ ጥል የሚብሰው ለዚህ ይመስለኛል።

ከፔንግዊኗ እንነሣ። በ1996 የሊኑክስ ሰዎች አርማ ያስፈልገናል ብለው ሲከራከሩ ቶርቫልድስ ፔንግዊን እንደሚወድ ነገራቸው። ከዚያ በፊት አውስትራሊያ ሄዶ ካንቤራ ውስጥ አንዲት ትንሽ ፔንግዊን እንደነከሰችው በቀልድ ያወራል። የፈለገው አስፈሪ ወፍ አልነበረም፤ ዓሣ በልታ የጠገበች፣ ሆዷ ተወጥሮ ደስ ብሏት የተቀመጠች ፔንግዊን ነበር። እኛ አገር «ጠግቧል» ማለት ስድብ ነው፤ እዚያ ግን ጥጋብ አርማ ሆነ። በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ የነበረው ላሪ ዩዊንግ ጊምፕ በተባለ፣ እሱም ነፃ በሆነ የሥዕል ፕሮግራም ሣላት። ለአርማ ውድድር ቀረበች። አላሸነፈችም።

ያሸነፈውን ማን ያስታውሰዋል? እሷ ግን ይኸው ላፕቶፕ ላይ አለች። እንደ አርማ ካየናት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጉድለቷ ብዙ ነው። ጥላና ብልጭታዋ ስለበዛ ባንድ ቀለም ማተም ያስቸግራል፤ የጥፍር ያህል ስትሆን ምንቃሯና እግሯ የጠፋ ጥቁር ጠብታ ትመስላለች። የግራፊክ ዲዛይን መምህር ፊት ብትቀርብ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዛ ነው የምትመለሰው። ያቆያት የዩዊንግ ፈቃድ ነው። ተጠቀሙባት፣ ቀይሯት፤ ማን ሣላት ብሎ የጠየቃችሁ ካለ ብቻ የእኔንና የጊምፕን ስም ንገሩት አለ። ከዚያማ ያላለበሷት ልብስ የለም። ኮፍያ አጠለቁላት፣ ሰይፍ አስታጠቋት፣ የአገራቸውን ባንዲራ አስያዟት። ሰው ሁሉ እንደ ልጁ አሳደጋት።

ስሙ ግን እንደ ሥዕሉ አልሆነም። በ1990ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው «ሊኑክስ» የሚለውን ቃል በራሱ ስም የንግድ ምልክት አድርጎ አስመዘገበና በቃሉ ከሚጠቀሙ ሰዎች ገንዘብ መጠየቅ ጀመረ። ጉዳዩ ክርክር ካስነሣ በኋላ በ1997 በስምምነት ምልክቱ ወደ ቶርቫልድስ ተላለፈ። ኮዱን በነፃ የሰጠው ሰው ስሙን በሕግ ማስያዝ ግድ ሆነበት ማለት ነው። ሳይዘው ቢቀር ሌላው ይዞት ነበርና።

ቀዩ ጥምዝ የደቢያን ነው። ደቢያንን በ1993 የጀመረው ኢያን መርዶክ ነው፤ ስሙንም የፍቅር ጓደኛው ከነበረችው ከደብራ እና ከራሱ ስም ገጣጥሞ አወጣው። ባለቤት የሆነ ኩባንያ የለውም፤ ሕገ ደንብ ያለው የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ነው፤ ብዙ ነገር በድምፅ ይወስናሉ። አርማውም በ1999 በውድድር ተመረጠ፤ የሣለው ራውል ሲልቫ ነው። በመጀመሪያው አሠራር አርማው ሁለት ነበር። አንዱ ጥምዙ ብቻ ሲሆን ለማንም ክፍት ነው። ሁለተኛው ጥምዙ ከጠርሙስ አፍ እንደ ጭስ ሲወጣ የሚያሳይ ነው፤ ባለ ጠርሙሱ የማኅበሩ ማኅተም ስለነበረ ለራሳቸው ሥራ ብቻ አዋሉት።

አንድ የሚያስቀኝ ነገር አለ። ደቢያኖች «ነፃ» የሚለውን ቃል በሚዛን የሚሰፍሩ ሰዎች ናቸው። የአንድ ፕሮግራም ፈቃድ አንዲት አንቀጽ ከጎደለችው ከዋናው ማከማቻቸው አውጥተው «ነፃ ያልሆነ» ወደሚሉት ጓዳ ይጥሉታል። የገዛ አርማቸው ግን ለብዙ ዓመታት ያንን የራሳቸውን መስፈርት አያልፍም ነበር። ክፍት ነው የሚሉት ጥምዝ በእነሱው ሚዛን ሲመዘን ቀለለ። በ2012 ፈቃዱን ቀይረው ነው የተገላገሉት። ይህን የማነሣው ለመሳለቅ አይደለም። የዓለም ቀንደኛ የነፃነት ጠበቆች እንኳ ኮዳቸውን በ1993 ለቅቀው መልካቸውን ለመልቀቅ እስከ 2012 ከቆዩ፣ መልክን መልቀቅ ምን ያህል እንደሚከብድ ያሳያል።

የዴስክቶፑን ገጽታም እንዲሁ በጥሪና በድምፅ ይመርጣሉ። ጁልየት ታካ የሠራቻቸው ገጽታዎች በ8ኛው፣ በ9ኛው፣ በ11ኛውና በ12ኛው እትም ተመርጠዋል። አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም፤ እትም በተቀየረ ቁጥር ገጹ አዲስ ነው። ለእኔ ያምራል። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ግን «ይሄ ደቢያን ነው» የሚያሰኝ ነገር ከጥምዟ በቀር አይገኝም።

አሁን ረዘም አድርጌ ወደማወራበት ወደ ብርቱካናማው ክብ ልምጣ።

ማርክ ሻትልወርዝ ደቡብ አፍሪካዊ ነው። የኢንተርኔት ደኅንነት ኩባንያውን በ1999 ሸጦ ከበረ፤ በ2002 ከሩሲያውያን ጋር ወደ ጠፈር ተጓዘ፤ ከዚያ ተመልሶ ካኖኒካል የሚባል ኩባንያ አቋቁሞ ከደቢያን ላይ የተነሣ፣ ኡቡንቱ የተባለ ዲስትሮ አወጣ። የመጀመሪያው እትም የወጣው ኦክቶበር 20 ቀን 2004 ነው፤ ስለዚህም 4.10 ተባለ። ዓመቱና ወሩ መሆኑ ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 10 ቀን 1997 ስለነበር እኛ ብንሰይመው ኖሮ 97.2 ይባል ነበር። ቁጥሩ ቀን ስለሆነ መዋሸት አያመችም፤ በ2006 ሥራው ሳምንታት ሲዘገይ 6.04 የነበረውን 6.06 ብለው አወጡት። መዘግየታቸውን ስማቸው ላይ ጻፉት።

ስሙ ከዙሉና ከኮሳ ቋንቋዎች የተወሰደ ነው። ኡቡንቱ ማለት ሰውነት ነው፤ ሰው ሰው የሚሆነው በሌሎች ሰዎች ነው የሚል ሐሳብ ያዘለ ቃል። መፈክሩም «ሊኑክስ ለሰው ልጆች» ነበር። በዚያ ዘመን ሊኑክስ ማለት ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ የሚቀጠቅጥ ሰው ዕቃ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበርና መፈክሩ ነገር ነበረው። ከሲስተሙ ጋር በሚመጡ ናሙና ፋይሎች ውስጥ ኔልሰን ማንዴላ ስለ ቃሉ ትርጉም ሲናገሩ የሚያሳይ ቪዲዮ ይገኝ ነበር። እስቲ አስቡት፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጭናችሁ ፎልደር ስትከፍቱ ማንዴላ ስለ ሰውነት ሲያወሩ ታገኛላችሁ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ አልገጠመኝም።

ቀለሙ ደግሞ ቡናማ ነበር። የዚያን ጊዜ ኮምፒውተር ሁሉ ሰማያዊና ግራጫ ነው፤ የዊንዶውስ ኤክስፒን ሰማያዊ ሰማይና አረንጓዴ ኮረብታ የማያስታውስ የለም። ኡቡንቱ በዚያ መሀል የአፈርና የቆዳ ቀለም ይዞ መጣ፤ የገጽታውንም ስም «ሂውማን» አሉት። ሰው ሰው የሚለው ነገር አንድ ጊዜ ልክ አለፈና ለመጀመሪያው እትም ያዘጋጇቸው ሥዕሎች ልብሳቸውን ያወለቁ ሰዎች ፎቶ ሆነው ተገኙ። ጫጫታ ተነሣ። ፎቶዎቹ ከዋናው ወጥተው ለፈለገ ሰው ብቻ የሚጫኑ ሆኑ። ቡናማው ግን ጸና።

ካኖኒካል በዚያን ጊዜ አድራሻውን ለላከ ሁሉ ሲዲ በነፃ ይልክ ነበር፤ የፖስታውንም የሚከፍለው እሱ ነው። እስከ 2011 ድረስ ቆይቷል። እኔም ጠይቄ ሳምንታት ከጠበቅሁ በኋላ ፖስታ ሣጥኔ ውስጥ የማውጫ ወረቀት አገኘሁ። ጥቅሉን ስከፍተው ሲዲዎቹ የሰዎች ፎቶ ባለባቸው የካርቶን ልባሶች ውስጥ ተሰድረዋል። እጄ ላይ የነበሩት ሌሎች ሲዲዎች በሙሉ በማርከር «ዊንዶው» ተብሎ የተጻፈባቸው ቅጂዎች ነበሩ። ይሄኛው የታተመ ነው፤ ሕጋዊ ነው፤ ደግሞም «ቀድተህ ለሌላ ስጥ» የሚል ነው። ያ ካርቶን ከሲዲው ይልቅ ብዙ ሥራ ሠርቷል። የሚነካ፣ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ መልክ ሰጠው።

ኢንተርኔት ካፌ ለነበረው አንድ ወዳጄ አንዱን ሰጠሁትና በአንድ ማሽን ላይ ጫንን። በሳምንቱ ምን አለኝ መሰላችሁ? ሌሎቹ ማሽኖች ሰው እስኪነሣላቸው ወረፋ ሲጠበቅባቸው ያ አንዱ ባዶውን ይውላል። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ አንዲት እናት ተቀምጠው አዩት፣ ተነሡ፤ «ልጄ፣ ይሄኛው ዝጓል፤ ሌላ ስጠኝ» አሉት። ፕሮግራሙ ላይ ምንም አልነካኩም። የፈረዱት ከቀለሙ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ዲዛይነሮች ስለ ቡናማው ሙቀትና ስለ አፍሪካ አፈር ሲጽፉ ባነበብኩ ቁጥር እኚያ እናት ትዝ ይሉኛል። በሐሳብ ደረጃ የአህጉራችን ቀለም ነበር፤ ስክሪን ላይ ዝገት መሰለ።

ያወቁት ይመስላል። በማርች 2010 መልኩን ከሥር ነቅለው ቀየሩት። ቡናማው ወጣ፤ ብርቱካናማና የደበርጃን ቀለም ገባ። በመመሪያቸው ላይ ቀለሞቹ እንደ መለኪያ ነበሩ። ብርቱካናማው የማኅበረሰቡ፣ ደበርጃኑ የንግዱ ድምፅ ነው፤ አንድ ጽሑፍ የሚወጣው ከበጎ ፈቃደኛው ወገን ከሆነ ብርቱካናማው ይበዛል፣ ከኩባንያው ከሆነ ደበርጃኑ። ይህን ስመለከት አንድ ነገር ገረመኝ። ነፃ ሶፍትዌር ላይ የሚነግድ ኩባንያ ዘወትር የሚወቀስበትን ሁለት ልብነት እነሱ ሳይደብቁ በቀለም ለክተው አወጡት። እንዲህ ያለ ሐቀኛ መመሪያ ብዙ አላየሁም።

የክቡ ነገር ግን ሌላ ነው። የ2004ቱ ሦስት ሰዎች ቀይ፣ ብርቱካናማና ቢጫ ነበሩ፤ ሦስት ዓይነት ሰዎች ተያይዘው። በ2010 በብርቱካናማ ክብ ውስጥ ሦስቱም ነጭ ሆኑ። በ2022 ደግሞ ክቡ በብርቱካናማ አራት ማዕዘን ውስጥ ገባ። ለማተም ይቀላል፣ በስልክ ስክሪን ላይ ይጠራል፤ ሙያው የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። የተለያዩ ሰዎች መሆናቸውን የሚናገረው ቀለም ግን እዚያው 2010 ላይ ቀረ፤ ያንጊዜ ማንም ብዙ አልጮኸበትም።

የተጮኸው በቁልፎቹ ነው። መስኮት የሚዘጋባቸው፣ የሚታጠፍባቸውና የሚሰፋባቸው ሦስት ትንንሽ ቁልፎች በቀኝ ጥግ ነበሩ። በ10.04 እትም ወደ ግራ ሄዱ። ሰው እጁ የለመደውን ሲነኩበት እንዴት እንደሚቆጣ ታውቃላችሁ፤ የቤታችሁን የመብራት ማብሪያ ካንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ማዞር በሉት። ተቃውሞው ሲግል ሻትልወርዝ ይህ ዲሞክራሲ አይደለም፣ በዲዛይን ላይ ድምፅ አንሰጥም፣ አስተያየትና መረጃ ግን እንቀበላለን ብሎ መለሰ። ስለ ሰውነትና ስለ መያያዝ ስሙ ላይ የጻፈ ሥራ ይህን ሲል ብዙዎች ቅር አላቸው። እኔ ግን ሻትልወርዝ ቢያንስ በከፊል ልክ ነበር እላለሁ። በድምፅ ብልጫ ፔንግዊኗ ወድቃ ነበር። ሺህ ሰው ባንድ ላይ ሥዕል አይሥልም። ችግሩ ውሳኔው የአንድ ሰው መሆኑ ሳይሆን ምክንያቱ በወጉ አለመነገሩ ነው። ለማንኛውም ቁልፎቹ በ2017፣ በ17.10 እትም፣ ወደ ቀኝ ተመለሱ።

በመሀል አንድ የተጣላ ቤተሰብ ላሳያችሁ። ፋየርፎክስን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ኢንተርኔት የምንቃኝበት፣ ኮዱ ነፃ የሆነ ብራውዘር ነው። ደቢያኖች በሲስተማቸው ውስጥ ሲያካትቱት አርማውን፣ ዓለምን የታቀፈችውን የእሳት ቀለም አውሬ፣ አወጡት፤ የሥዕሉ ፈቃድ በሚዛናቸው ነፃ አልነበረምና። ስሙን ግን እንደያዙ ቆዩ። በ2006 የፋየርፎክስ ባለቤት ሞዚላ፣ ስሙን ከያዛችሁ አርማውንም መያዝ አለባችሁ፣ የምታደርጉትን ለውጥም እኛ ማየት አለብን አላቸው። እሱም ከራሱ አንፃር እውነት አለው። ስሙን ይዞ የተበላሸ ነገር ቢወጣ የሚሰደበው ሞዚላ ነው። ደቢያኖች እሺ አላሉም። ኮዱን እንዳለ ይዘው ስሙን ለወጡ። እሳቱን በበረዶ፣ ቀበሮውን በሌላ ትንሽ አውሬ ተክተው «አይስዊዝል» አሉት። እስከ 2016 ድረስ፣ አሥር ዓመት ሙሉ፣ የደቢያን ተጠቃሚ ፋየርፎክስን በሌላ ስም ሲጠራ ኖረ። አንድ ሰው፣ ሁለት ስም፤ ጠቡ የክርስትና ስምና የዓለም ስም እንደማምታታት ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። ሬድ ሃት የተባለው ኩባንያ የሚሸጠውን ሲስተም ኮድ በደንቡ መሠረት እስከ 2023 ድረስ ለሁሉም ይለቅቅ ነበር። በ2004 የተጀመረው ሴንት ኦኤስ ያንን ኮድ ወስዶ፣ የሬድ ሃትን አርማና ስም እየለቀመ አውጥቶ፣ የቀረውን እንዳለ በነፃ አደለ። ነገሩ ያው ነበር፤ የሬድ ሃት አርማ የሆነው ኮፍያ ብቻ አልነበረበትም። የሴንት ኦኤስ ሰዎች ስሙን በአደባባይ እንዳይጠሩ ሲጠነቀቁ «አንድ የታወቀ የሰሜን አሜሪካ ሻጭ» እያሉ ይጽፉ ነበር። እንደ ጥንቱ ወግ የባሏን ስም የማትጠራ ሴት ሆኑ። በ2014 ራሱ ሬድ ሃት አስጠጋቸው። ፌዶራ ደግሞ ከዚህ ተምሮ ይመስላል፣ አርማዎቹን ሁሉ ባንድ ለብቻው በሆነ ጥቅል ውስጥ አስቀምጧቸዋል፤ ከጎኑ ስም የሌላቸው ምልክቶች የያዘ ሌላ ጥቅል አለ። ኮዱን የራሱ ማድረግ የፈለገ ሰው አንዱን አውልቆ ሌላውን ይለብሳል። ማንም ሳይጣላ መልክ እንደ ኮት የሚወልቅበት ቤት ነው።

የመጨረሻው ነገሬ ፊደል ነው፤ እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ ወደ እኛ ደጅ የሚመጣው።

በ2010ሩ ለውጥ ካኖኒካል ዳልተን ማግ የተባለውን የፊደል ዲዛይን ቤት የራሱን ፎንት እንዲሠራለት ቀጠረ። ኡቡንቱ ፎንት ተባለ። ከአርማው ሁሉ ይልቅ የኡቡንቱ መልክ እሱ ነው ባይ ነኝ። አርማን በቀን ስንት ጊዜ ታያላችሁ? ፊደሉን ግን ማሽኑ ባናገራችሁ ቁጥር ታነቡታላችሁ። የላቲኑን ኤን አስቡ። በተለመደው ፎንት ግራ እግሩ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ከቅስቱ በላይ ጫፉ ብቅ ይላል። በኡቡንቱ ፎንት ያ ጫፍ የለም፤ እግሩ ራሱ ታጥፎ ቅስት ይሆናል፣ እንደታጠፈ ሽቦ። ኤምም ዩም እንዲሁ ናቸው። ያን ያየ ሰው ጽሑፉ ላይ ሌላ ምልክት ባይኖርም የማን እንደሆነ ያውቃል። ደቢያን ግን የፎንቱን ፈቃድ መዘነና «ነፃ ያልሆነ» ወዳለው ጓዳ ከተተው። ከእሱ የተወለደው ሲስተም የሚናገርበትን ድምፅ ወላጁ ሳሎን አላስገባውም።

ፎንቱ ላቲን፣ ግሪክኛና ሲሪሊክ ይዞ ተነሣ። ግዕዝ የለበትም። ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ገብቷልና ኮምፒውተሩ ያውቀዋል፤ እንደ ድሮው ሣጥን ሣጥን እየሠራ አያሳፍረንም። ነገር ግን ኡቡንቱን ወደ አማርኛ ስትቀይሩት ፊደሉን ከሌላ ይዋሳል፤ ከአቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ከኖቶ። አቢሲኒካ የብራና ጽሑፍ እጅ ያለበት ነው፤ ወፍራምና ቀጭኑ የመቃ ብዕር የጻፈው ይመስላል፤ በራሱ ቦታ እጅግ ያምራል። ከዚያ ከታጠፈ ሽቦ ፊደል ጎን ሲቆም ግን ባንድ መስመር ላይ የቅኔ መምህርና የማስታወቂያ ሠራተኛ ተራ በተራ የሚያወሩ ይመስላል። ስሙን ከአፍሪካ የወሰደ ሲስተም በአፍሪካ ምድር ለዘመናት ሲጻፍበት በኖረ ፊደል መናገር ሲጀምር ድምፁ ይቀየራል።

ወደ በሩ ልመለስ። አዳራሹ እስኪሞላ ከወጣቱ ጎን ተቀምጬ ነበርና ላፕቶፑን ከፈተልኝ። በአማርኛ ነው የሚጠቀምበት። የከፈተልኝ ፎልደር ግን ከዚያ ሁሉ የሚለይ ነው፤ በኡቡንቱ ፎንት አካል ግዕዝ እየሣለ ነው። ከ«በ» ነው የጀመረው። ለምን አልኩት። «የላቲኑን ኤን እዩት ጋሼ፤ በ ማለት እኮ እሱ ነው» አለኝ። ቅስቱን ወስዶ ሁለቱን እግሮች እኩል አወረዳቸው፤ በአንድ ጊዜ ኡቡንቱም አማርኛም ሆነ። «ቡ» ላይ ጭረቷን ከእግሩ ወገብ አወጣት፣ «ቢ» ላይ ከእግሩ ሥር፤ ሁለቱም ላይ ጫፏን አጠጋግቷታል። «ሐ» ሦስተኛ እግር ስለጨመረ መሀሉ ጠበበ፤ እግሮቹን አሳሳቸው። «ጨ» ላይ ሲደርስ ቆሟል። ሦስት እግር፣ ከአናቱ ደግሞ ጌጡ፤ በትልቁ ያምራል፣ በሜኑ መጠን ሲያሳንሰው ድፍን ጥቁር ይሆናል። አምስት ዓይነት «ጨ» ሠርቶ አምስቱንም ትቷቸዋል። መሠረታዊዎቹ 231 ቅርጾች ናቸው፤ እሱ ገና 40ዎቹ ውስጥ ነው።

ችግሩ ግን «ጨ» ብቻ አይደለም። የፎንቱ ፈቃድ ቀይሩት፣ አስፉት፣ አድሉት ይላል፤ ብዙ የቀየረ ሰው ግን በዋናው ስም ሊጠራው አይችልም፣ የራሱን ስም ማውጣት አለበት። በር ላይ «የማንም አይደሉም» ያለኝ ልጅ ይህን ሲነግረኝ ትንሽ አፈር አለ። ስም ጠፍቶበታል። እዚያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። መድረኩን ለጥያቄ ስንከፍት የመጀመሪያውን ማይክ ለእሱ ስጡልኝ።